ሕመም ከቁስሉ እስከ አንጎል፦ ከባሕር ዳር የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች

የጣና ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን ቤተሰባችን የሚተዳደረው ከሐይቁ በሚገኝ ዓሣ ነው። አምባዛና ቆሮሶ ሲበለት ቢላ ጣት መቁረጡ፣ ደንገል ሲታጨድም ማጭድ መሳቱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በሥራው ላይ ያለን ሰዎች ሁላችን አንድ ነገር እናውቃለን። ሲቆርጠን መጀመሪያ ስለታምና ቦታው ጥርት ብሎ የሚታወቅ ውጋት ይመጣል፤ እርሱ ጋብ ሲል ደግሞ ዘግየት ብሎ የሚለበልብና የሚጠዘጥዝ፣ ድንበሩ በውል የማይለይ ሌላ ሕመም ይከተላል። ዙሪያውን ጫን አድርጎ ማሸት ያስታግሳል። በማግሥቱ ግን ቁስሉ እየደረቀ እያለ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል።

በሌላ በኩል፣ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመም ያለባቸው አጎቴ ሚስማር ጫማቸውን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገብቶ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲሄዱበት ውለው፣ ያወቁት ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ደም አይተው ነው። አንዱ ሰው በአየር ንክኪ የሚታመም፣ ሌላው ብረት ሲወጋው የማይሰማው የሆነው እንዴት ነው? ጉዳቱን የሚለየው ምንድን ነው? ወደ አንጎል የሚጓዘውስ ምንድን ነው? የምታውቁ ሰዎች በሰፊው ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የፊዚዮሎጂ መምህር

ጥያቄዎ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ የያዘ ስለ ሆነ እኔ ከመነሻው ልጀምር፤ ሌሎቻችሁ ትቀጥሉበታላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ። ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጓዘው ሕመሙ ራሱ አይደለም። የሚጓዘው በነርቭ ክር ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ሕመም የምንለው ስሜት የሚፈጠረው ይህ ምልክት በኅብለ ሰረሰርና በአንጎል ውስጥ ከተመዘነ፣ ከሌላውም መረጃ ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ ይህን ደጋግሜ የማነሣው፣ ልዩነቱ ካልታወቀ የእርስዎ አጎትም ሆኑ በማግሥቱ የሚታመመው ሰው ጉዳይ እንቆቅልሽ ሆኖ ስለሚቀር ነው።

ጉዳትን የሚለዩት በቆዳ፣ በጡንቻ፣ በመገጣጠሚያ፣ በአጥንት ሽፋንና በውስጥ አካላት ተበትነው የሚገኙ እርቃናቸውን ያሉ የነርቭ ጫፎች ናቸው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ኖሲሴፕተር ብሎ ሰይሟቸዋል። ቀላል ንክኪን የሚለዩት ነርቮች ጫፋቸው ላይ የተለየ መሸፈኛ ሲኖራቸው እነዚህ ግን ምንም የላቸውም፤ ባዶ ጫፍ ናቸው። በጫፋቸው ሽፋን ላይ እንደ ጥቃቅን በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዱ ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ፣ አንዳንዱ በአሲድ፣ አንዳንዱ በኃይለኛ ግፊት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከተቀደዱ ሴሎች በሚፈስ ኬሚካል ይከፈታል። ቢላ ጣትን ሲቆርጥ ግፊቱም የተሰበሩት ሴሎች ይዘትም አንድ ላይ ይደርሱባቸዋል ማለት ነው።

ፕሮቲኖቹ ሲከፈቱ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በዕረፍት ጊዜ ከውጭው ይልቅ አሉታዊ የሆነው የነርቩ ውስጠኛ ክፍልም አሉታዊነቱ ይቀንሳል። ለውጡ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሌሎች የሶዲየም መተላለፊያዎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ምልክቱ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። ምልክቱ ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም፤ ትልቅና ትንሽ የለውም። የጉዳቱ ብርታት የሚገለጸው በየሰከንዱ በሚላኩት ምልክቶች ብዛትና በተነሡት ነርቮች ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሕመሞች እንመለስ። መልእክቱን የሚያደርሱት ሁለት ዓይነት ክሮች ናቸው። ኤ-ዴልታ የሚባሉት ማይሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን በስሱ የለበሱ ሲሆኑ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ያህል ያስተላልፋሉ፤ ሲ የሚባሉት ደግሞ ማይሊን የሌላቸው እጅግ ቀጫጭን ክሮች ሲሆኑ ፍጥነታቸው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ቢሆን ነው። ማይሊን ያለው ክር ምልክቱን ከክፍተት ወደ ክፍተት እያዘለለ ይሰዳል፤ ማይሊን የሌለው ግን እያንዳንዱን ነጥብ መንካት አለበት፤ ወንዝን በድንጋይ ላይ እየዘለሉ በመሻገርና በጭቃው ውስጥ እየዳከሩ በመሻገር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከእግር ጣት እስከ ኅብለ ሰረሰር አንድ ሜትር ያህል ርቀት ቢኖር፣ በሰከንድ 15 ሜትር የሚሄደው ክር ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ሲያደርስ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄደው ሙሉ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል። የመጀመሪያው ስለታም ውጋት የኤ-ዴልታ፣ ዘግይቶ የሚለበልበው የሲ ክሮች ሥራ ነው። እግርን ሲመታ ልዩነቱ ፊትን ሲመታ ካለው ይልቅ ጎልቶ የሚታወቀውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ባልትና

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምሠራው ባልትና ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ስቀነጥስ የዋልኩ ቀን ማታ እጄ እሳት የነካው ያህል ይለበልበኛል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ስታጠበው ለጊዜው ጋብ ይላል እንጂ አይለቅም። ቆዳዬ ግን ትንሽ ከመቅላቱ በቀር አልተላጠም፣ አላበጠም። ጉዳት በሌለበት የሕመም ምልክት ከየት ይመጣል?

የሕክምና ተማሪ (4ኛ ዓመት)

እህቴ፣ ያነሡት ነገር በዚህ ዘርፍ ትልቁ ግኝት የተገኘበት በር ነው። በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር መምህራችን ከጠቀሷቸው ፕሮቲኖች አንዱን፣ ማለትም በ43 ዲግሪ የሚከፈተውንና ትሪፕ-ቪ1 የሚባለውን፣ ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በርበሬ የሚያቃጥለው በምን በኩል እንደ ሆነ ሲፈልጉ የሙቀት መለያውን ራሱን አገኙት። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. የ2021ን የኖቤል ሽልማት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል፤ ፓታፑቲያን ግፊትንና ንክኪን የሚለዩትን ፕሮቲኖች ያገኘ ነው።

አንጎል የእጅዎን ቆዳ በቀጥታ አያየውም። የሚያውቀው ሙቀትን የሚለየው ነርቭ መነሣቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚሰማዎ ነገር የእሳት ቃጠሎ ነው። ሞቅ ያለ ውኃ የሚያባብሰውም ሙቀቱና ካፕሳይሲኑ በአንድ በር ላይ ስለሚተባበሩ ነው። ወፎች ግን ሚጥሚጣን ያለ ችግር ሲለቅሙ ይታያል፤ የእነርሱ ትሪፕ-ቪ1 ሙቀትን ይለያል እንጂ ለካፕሳይሲን አይከፈትም፤ ስለዚህ ፍሬውን በልተው ዘሩን በየቦታው ይበትናሉ።

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። እጅዎን በቅድሚያ በዘይት አሽተው ከዚያ በሳሙና ደጋግመው ይታጠቡ፤ ቀድሞውኑ ጓንት ቢያደርጉ ደግሞ የተሻለ ነው። አፍ ሲቃጠልም ከውኃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ይረዳል። ይኸው ካፕሳይሲን በብዛት ሲቀባ የነርቭ ጫፎቹን ስለሚያደነዝዛቸው፣ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ተለጣፊ አልማዝ ባለ ጭራ ጥሎት ለሚያልፈው የነርቭ ሕመም በአንዳንድ አገሮች መድኃኒት ሆኖ ይሠራበታል።

የማሸቱን ነገር እኔ ልቀጥልበት። ሁለቱም ክሮች፣ ኤ-ዴልታም ሲም፣ የሴል አካላቸው ከአከርካሪ አጥንት ጎን ባለ እብጠት ውስጥ ነው፤ ሌላው ጫፋቸው ወደ ኅብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ይገባል፤ እዚያም ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል፣ ከፊሎቹም ሰብስታንስ ፒ የሚባለውን ጨምረው፣ ለቀጣዩ ነርቭ ይለቃሉ። ቀጣዩ ነርቭ እዚያው አካባቢ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ በአንጎል ግንድ በኩል ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ይወጣል፤ የኅብለ ሰረሰሩ ቀኝ ጎን ብቻ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው የግራ ጎን የሕመም ስሜት የሚጠፋው በዚህ መሻገር ምክንያት ነው። መልእክቱ ወደ ላይ ከመድረሱ በፊትም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው አጭር ዑደት ጡንቻን አዝዞ እጅን ያስመልሳል። የጋለ ምጣድ የነካ ሰው እጁን የሚያነሣው ማቃጠሉ ሳይሰማው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ኅብለ ሰረሰር ምልክቱን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ንክኪንና ግፊትን የሚያደርሱት ኤ-ቤታ የተባሉ ወፋፍራም ክሮች በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሰዳሉ፤ ወደ ኅብለ ሰረሰር ሲገቡም ሕመምን የሚያስተላልፈውን ነርቭ ዝም የሚያሰኙ ትናንሽ ነርቮችን ይቀሰቅሳሉ። ጣትዎን ሲያሹት የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለቱ ሰዎች የሳሉት የነርቮች ሥዕል በኋላ በዝርዝሩ ተሻሽሏል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል።

ከዘጌ

በእኛ አካባቢ ሰው ወለም ሲለው ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወጌሻውም በቅቤ አሽቶ ሲያስረው ሕመሙ ይቀላል። እንግዲህ ወጌሻዎች ሳይንሱን ሳይማሩት ያውቁታል ማለት ነው?

የሽምብጥ ነርስ

ማሸት ሕመምን ያስታግሳል፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ እውነተኛ ልምድ ነው። ነገር ግን የሕመሙ ምልክት በረደ ማለት አጥንቱ ቦታውን ያዘ ማለት አይደለም፤ ይህን መለየት ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ ነው። ስብራት ያለበት እጅ ሲታሽ የአጥንቱ ስለት ደም ሥርንና ነርቭን ሊቆርጥ ይችላል፤ በጠባቡ ሲታሰር ደግሞ የደም ዝውውር ተቋርጦ እጁ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። በተለይ ልጆች ላይ «አልቅሶ ዝም አለ፤ ተሻለው» ብላችሁ አትተዉት፤ ነርቭ ደም ሲያጣ በመጀመሪያ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ግን ዝም ይላል።

የፊዚዮሎጂ መምህር

እህታችን የጻፉትን ሁሉም ሰው ደግሞ ደጋግሞ ቢያነበው እወዳለሁ።

የማግሥቱን ሕመም በተመለከተ፣ የተጎዳው ሥጋና እዚያ የሚሰበሰቡት የመከላከያ ሴሎች ፕሮስታግላንዲን፣ ብራዲኪኒንና ሌሎች ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። ከእነዚህ እንደ ፕሮስታግላንዲን ያሉት ነርቩን በአብዛኛው ራሳቸው አያስነሡትም፤ የሚነሣበትን ደረጃ ዝቅ ያደርጉታል። በ43 ዲግሪ ይከፈት የነበረው በር ከሰውነት ሙቀት ብዙም በማይበልጥ ሙቀት መከፈት ይጀምራል። በታንኳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ለዋለ ሰው ማታ ለብ ያለው ውኃ ትከሻውን የሚፈጀው ውኃው ስለ ፈላ ሳይሆን መለኪያው ስለ ተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ቬን አስፕሪን የሚሠራው የፕሮስታግላንዲንን መመረት በመግታት እንደ ሆነ አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸልሟል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮስታግላንዲን ግን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅ፣ ለኩላሊትም ደም እንዲደርስ የሚረዳ ስለ ሆነ፣ እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ምክር ለሳምንታት መውሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር ዳይክሎፌናክ መርፌ የሚወጋበት ልማድ በእውነት ያሳስበኛል።

ለውጡ በቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ እንዳሳየው፣ ከሲ ክሮች ተደጋጋሚ ምልክት ሲጎርፍ የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ራሳቸው ይነቃሉ፤ ለትንሽ ምልክት ትልቅ መልስ መስጠት ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ንክኪን ብቻ ያደርሱ የነበሩት ወፋፍራም ክሮች መልእክታቸው ወደ ሕመም መንገድ ይገባል። ልብስ ሲነካዎ የሚያምዎ፣ ከቁስሉ ራቅ ያለው ደህናው ቆዳ ጭምር የሚቆጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ሲድን ንቃቱም ይበርዳል። በአንዳንድ ሰው ግን ቁስሉ ድኖ ንቃቱ ይቀራል።

መንገደኛ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ነገር ወዴት እንደሚወስደን አልገባኝም። ሕመምን የሚፈጥረው አንጎል ከሆነ፣ በራጅ ተነሥተው ምንም ያልተገኘባቸው ሰዎች የሚሉት ሁሉ ሐሳባቸው የፈጠረው ነው ማለት ነው? የቅርብ ዘመዴ ወገቧን መታመም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ በሄደችበት ሁሉ «ምንም የለብሽም» እየተባለች ትመለሳለች። የእናንተ ማብራሪያ እነዚያን ሰዎች የሚደግፍ ይመስለኛል።

የፊዚዮሎጂ መምህር

ወንድሜ፣ የሚደግፈው ዘመድዎን ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የነቃ ነርቭን አያሳይም። የነርቭ መንገዱ መለኪያ መለወጡ በሴል ደረጃ የሚታይ አካላዊ ለውጥ ነው፤ የሶዲየም በሮች ቁጥር ይጨምራል፣ የሚገቱት ነርቮች ይደክማሉ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመም ከሥጋ ጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም ያንን የሚመስል ደስ የማይል የስሜት ሕዋስና የመንፈስ ልምድ መሆኑን ሲያስቀምጥ፣ አንድ ሰው ታምሜያለሁ ሲል ቃሉ መከበር እንዳለበትም አብሮ ጽፏል። አንድን በሽተኛ «ራጅህ ንጹሕ ነው» ማለት ተገቢ ነው፤ «አላመመህም» ማለት ግን ሕክምናም አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

በአንጎል ውስጥ አንድ ብቻውን የሕመም ማዕከል የሚባል ቦታ የለም። ከታላመስ የሚነሡት ነርቮች ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይሄዳሉ፤ የስሜት ሕዋስ ኮርቴክስ የተባለው የአንጎል ውጫዊ ክፍል የት እንዳመመና ምን ያህል እንደ ሆነ ይለያል፤ ኢንሱላና የፊተኛው ሲንጉሌት የተባሉት ክፍሎች ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይመዝናሉ። በሲንጉሌት ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አንዳንድ ሕሙማን ሕመሙ እንዳለ፣ ነገር ግን እንደማያስጨንቃቸው ተናግረዋል።

ከዚህም በላይ አንጎል ወደ ታች የሚልከው ትእዛዝ አለ። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ያለ ግራጫ ክፍል በአንጎል ግንድ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ነርቮች ይልካል፤ እነዚህም የሚወጣውን ምልክት ሊገቱ ወይም ሊያጎሉ ይችላሉ። ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ፣ አብዛኞቹ ሕመም ማስታገሻ እንደማይፈልጉ ሲነግሩት ተደንቆ እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን፣ እንደ ሞርፊን የሚሠራውን ኢንከፋሊን አገኙ። በ1978 ደግሞ የመንጋጋ ጥርሳቸው ለተነቀለ ሰዎች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጥቷቸው የተሻላቸው፣ ናሎክሶን የተባለው የሞርፊን ማርከሻ ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰባቸው። ተስፋ አድርገው የተሻላቸው ሰዎች በእውነተኛ ኬሚካል ነው የተሻላቸው። ፍርሃትና የእንቅልፍ እጦትም በዚሁ መንገድ ሕመምን ያባብሳሉ፤ ስለዚህ ዘመድዎን የሚያይ ሐኪም ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሐዘኗና ስለ ሥራዋ ቢጠይቃት ሕመሟን ማቃለሉ ሳይሆን በትክክል መያዙ ነው። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴም ለአንዳንዶች ይረዳሉ፤ የትኛው እንደሚስማማት ሐኪሟ ይወስን።

የሽምብጥ ነርስ

ስለ አጎትየው እስካሁን የመለሰ ስለሌለ ልመልስ፤ በዚህ ውይይት ከተነሡት ጉዳዮች አስቸኳዩም ይኸው ነው።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮቹንም እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት እጅግ ረጃጅሞቹ ክሮች ናቸው፤ ስለዚህ መደንዘዙ ከእግር ጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። አስቸጋሪው ነገር፣ ነርቭ በሚሞትበት ጊዜ ሌሊት ሌሊት ሊያቃጥልና ሊነዝር ይችላል፤ ሕመምተኛው «እግሬ ይሰማኛል፤ ደህና ነው» ብሎ ያስባል፤ ውጭ ሚስማር ሲወጋው ግን አይሰማውም። አንድ እግር በአንድ ጊዜ የሚያቃጥልም የማይሰማም ሊሆን ይችላል። በጤና ተቋም 10 ግራም ግፊት ሲደርስ የሚጎብጥ የናይለን ክር በእግር ሥር ላይ ተደርጎ ስሜቱ ይመረመራል፤ የማይሰማው ሰው ለቁስል የተጋለጠ ነው። አጎትዎ በየማታው ሁለቱንም እግራቸውን፣ ሥሩንና በጣቶቹ መካከል፣ ራሳቸው በመስተዋት ወይም ሌላ ሰው እያየላቸው ይመርመሩ፤ ጫማ ከማድረጋቸው በፊት በእጃቸው ውስጡን ይዳብሱት፤ በሐይቁ ዳርም በባዶ እግር አይሂዱ። ሚስማሩ የገባበትን ቁስል ባያማቸውም ሐኪም ሊያየው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሊታሰብበት ይገባል።

የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። ጌርሃርድ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የለየው ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ባሉ የሰውነት ክፍሎች ያሉትን ነርቮች ይወራል፤ ጣትን የሚያሳጥረው ባክቴሪያው በልቶት አይደለም፤ የማይሰማው እጅ ደጋግሞ ሲቃጠል፣ ሲቆረጥና ሲያመረቅዝ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሚመከረው የመድኃኒቶች ጥምር ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን ስለማይመለስ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት በቆዳው ላይ ያየ ሰው ቶሎ መታየት አለበት።

የሕክምና ተማሪ (4ኛ ዓመት)

እህታችን ከጻፉት ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 በሰሜን ፓኪስታን ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ዓይነት ሕመም ተሰምቷቸው የማያውቁ የተዛመዱ ቤተሰቦች ልጆች ተጠንተው፣ ናቭ 1.7 የሚባለው የሶዲየም በር እንደማይሠራ ታወቀ። ንክኪና ሙቀት ይለያሉ፤ ምላሳቸውን ግን ነክሰው ይቆርጣሉ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ይሮጣሉ። ከዚህ ግኝት በኋላ ተመራማሪዎች ሞርፊን የሚሠራበትን መንገድ ሳይነካ የነርቭ በሮቹን ብቻ የሚዘጋ መድኃኒት ሲፈልጉ ቆይተው፣ የቅርብ ዘመዱን ናቭ 1.8ን የሚዘጋው ሱዜትሪጂን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ ለድንገተኛ ሕመም ተፈቅዷል።

ከዘጌ

ልብ ሲታመም ግራ እጅ የሚያመው ለምንድን ነው?

የሕክምና ተማሪ (4ኛ ዓመት)

ከልብና ከግራ ክንድ የሚመጡት ነርቮች በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በአንድ ደረጃ ገብተው በአንድ ነርቭ ላይ ስለሚያርፉ፣ አንጎልም ዘወትር መልእክት የሚመጣለት ከክንዱ ስለ ሆነ ነው። ደረትን ተጭኖ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በተለይ ላብና ማቅለሽለሽ ካለበት፣ ለደቂቃም የሚታለፍ አይደለም።

ባልትና

እኔም የመጨረሻ ጥያቄ ላቅርብ። መንጋጋዬ መግል ይዞ ያበጠ ጊዜ ማደንዘዣ ደጋግመው ቢወጉኝም አልደነዝዝ አለኝ። ለምን ይሆን?

የጥርስ ሐኪም

እህቴ፣ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚያጋጥመን ነው። ማደንዘዣው ሊዶኬይን የሚሠራው የሶዲየምን በር ከነርቩ ውስጠኛ ወገን ገብቶ በመዝጋት ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት የነርቩን ቅባታማ ሽፋን ማለፍ አለበት፤ ማለፍ የሚችለው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት ብቻ ነው። መግል የያዘ ሥጋ ከጤነኛው ይልቅ አሲድነት ስላለው አብዛኛው ሊዶኬይን ሙል ይዞ ከውጭ ይቀራል፤ በላዩም ላይ መምህር የነገሩን ፕሮስታግላንዲን ነርቩን አንቅቶታል፣ የበዛው የደም ፍሰትም መድኃኒቱን ቶሎ ያጥበዋል። ስለዚህ መርፌውን እብጠቱ ላይ ከመውጋት ይልቅ ከእርሱ ራቅ ብሎ፣ ነርቩ ወደ መንጋጋ አጥንት ከሚገባበት ቦታ ላይ መውጋት ይሻላል፤ መግሉን አስቀድሞ ማፍሰስም ይረዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ያለፈው ማደንዘዣ እንዳልሠራልዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሐኪሙ የሚወጋበትን ቦታ ይመርጣል፤ እየተሰማዎት ከሆነም እጅዎን አንሥተው ያስቁሙት።